ከዶማው በፊት ውሃው፦ ለትንሽ ጓሮ ምን ይገዛል፣ ምን ይቅር

(ግንቦት ላይ በአንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ኮሚናል ውስጥ ለነዋሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙ ሰው በጽሑፍ ላክልን ስላለኝ እንዳወራሁት አድርጌ ጻፍኩት፣ የተጠየቁ ጥያቄዎችንም መሃል መሃል ላይ አስገብቻቸዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ፣ መስኮቱ ጋ ወንበር አለ። እማማ እርሶም ወደ ፊት ይምጡ፣ ዕቃዎቹን እያነሳሁ ስለማሳይ ከዛ ሆነው አይታይዎትም።

የተጠራሁት ለጓሮ አትክልት ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል ሚለውን እንድነግራችሁ ነው። እነግራችኋለሁ፣ ይዤም መጥቻለሁ፣ ግን በቅደም ተከተሉ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ስለማልስማማ ከሱ ልጀምር። ሰው አትክልት ልትከል ሲል መጀመሪያ ሚሮጠው ብረት ሊገዛ ነው። ዶማ፣ አካፋ፣ ጓንት፣ መርጫ፣ ሚያማምር የአበባ ማሰሮ ምናምን ይገዛና ብሩ እዛ ላይ ያልቃል፣ መሬቱ ግን እንደነበረው ሲሚንቶና የጡብ ስባሪ የተቀላቀለበት ነው፣ ውሃውም በፈረቃ ነው ምትመጣው። ጎመኑ ይቀጭጫል፣ ሰውየውም "እኔ እጅ ላይ አይበቅልም" ብሎ ይተወዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ችግሩ እጁ አልነበረም። እኔ ምለው መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አፈር፣ ከዛ ዘር፣ ብረት መጨረሻ ነው። ለዚህ ነገር አንድ ሺህ ብር ብትይዙ ከግማሽ በላዩ አፈር ላይ ይዋል።

ውሃውን በስሌት እንየው፣ ቀላል ስሌት ነች። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲያርፍ ልክ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ ላይ በበጋ፣ ቅጠል በደንብ የሸፈነው መደብ በፀሐይና በነፋስ በቀን በግምት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ያጣል። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው፣ አራት ካሬ ሜትር ከሆነ ደግሞ አንድ ባለ 20 ጀሪካን። እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ፣ በቀን ስንት ጀሪካን ትችላላችሁ? ቧንቧ ከመጣ በኋላ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመታጠቢያ ከቀረ የሚተርፈው ስንት ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ ደግሞ ማን ነው ሚሸከመው? የጓሯችሁን ስፋት መወሰን ያለበት ያላችሁ ቦታ ሳይሆን የምትችሉት ጀሪካን ነው። ሃያ ካሬ ሜትር ቆፍሮ ግማሹን ከማድረቅ አራት ካሬ ሜትር ላይ ዓመቱን ሙሉ ጎመንና ቆስጣ መቅጠፍ ይሻላል፣ እውነት እላችኋለሁ ከአራት ካሬ ሜትር የሚወጣውን ስታዩ ትገረማላችሁ።

አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቃ በርሜል ነው። ግቢ ላላችሁ ወይም የዚህን ኮሚናል ጣሪያ በጋራ ለመጠቀም ከተስማማችሁ አስቡት፣ 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 200 ሊትር ነው፣ ትንሽ ሚፈስና ሚተን ቢቀነስም አንድ በርሜል ሊሞላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሄ ዓይነት ዝናብ ብርቅ አይደለም። የሚያስፈልገው አሸንዳና አሸንዳውን ወደ በርሜሉ ሚያወርድ ቱቦ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ግን አታጠራቅሙ፣ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥበው ነው ሚመጡት፣ ልቀቋቸው። ክዳን ደግሞ ግዴታ ነው። ትንኝ እንዳይራባ ብቻ ሳይሆን ልጆች አሉ፣ ክፍት በርሜል ያለበት ግቢ ልጅ አይለቀቅም።

ማጠጫው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ጎማ ይገዛል። ቧንቧችሁ ግፊት ካለው ጥሩ፣ ግን በፈረቃ ውሃ ጎማ ብዙውን ጊዜ ተጠቅልሎ ነው ሚከርመው፣ ደግሞ ጎማው ሲለቀቅ ገና ያልበቀለ የካሮት ዘር ተጠርጎ መደቡ ዳር ላይ ይሰበሰባል። ይቺን ተመልከቱ፣ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ነች። ክዳኗን ሚስማር አግዬ በስቼዋለሁ፣ ቀዳዳዎቹ ከክብሪት እንጨት ቀጠን ይላሉ፣ እጀታው ጋ ከላይ አንድ የአየር መግቢያ አለ። ስገለብጣት... አያችሁ? እንደ ካፊያ ነው ምታወርደው። ያቺ የላይኛዋ ቀዳዳ ከሌለች ግን ጀሪካኑ ጭምቅ ጭምቅ እያለ እየቆረጠ ነው ሚፈሰው፣ እሷን አትርሱ። ለቲማቲምና ለቃሪያ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ታች ታቹን በመርፌ ብሱና አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሥሩ አጠገብ ቅበሩት። ሞልታችሁ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ትዘጋላችሁ፣ ውሃው ቀስ እያለ ሥሩ ጋ ይደርሳል፣ ላዩ ስለማይረጥብም አረም አይበዛም።

ውሃ ሚቆጥበው ሌላው ዕቃ ደግሞ ብር አይጠይቅም፣ ጉዝጓዝ ነው። ባዶ መሬት ፀሐይ ሲያገኘው ወዲያው ነው ሚደርቀው። ጭድ፣ ደረቅ ሳር፣ የደረቀ ቅጠል ያገኛችሁትን ሦስት አራት ጣት ውፍረት አድርጋችሁ በችግኞቹ መሃል አንጥፉ፣ ግንዱን ግን አታስነኩት ይበሰብሳል። በዓል ሲያልፍ ቤት ውስጥ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ተጠርጎ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ሲሄድ ሳይ ልቤ ይቆረጣል፣ የዚህ ሁሉ ብሎክ ቄጠማ እኮ ቢሰበሰብ ሁለት ሦስት መደብ ያለብሳል።

(አንዲት እናት፦ "ልጄ፣ የዕቃ ማጠቢያ ውሃስ ላጠጣው ወይ?" ብለው ጠየቁ።) እማማ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ሰላጣ ያጠቡበትን ውሃ ያለ ሐሳብ ያጠጡ፣ እንዲያውም ጥሩ ነው። በሳሙና ትንሽ የነካካውን ለአበባና ለዛፍ ያድርጉት፣ ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ አይሁን። በረኪና የገባበትን ግን በፍጹም፣ አፈሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይገድላቸዋል። ሥጋና ዶሮ የታጠበበትም አይሁን።

ወደ አፈር እንምጣ፣ ዛሬ ብዙ ሰዓት ማጠፋው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ያለን ሁለት ዓይነት ነው፣ ቀይ አፈርና ዋልካ። ዋልካው ክረምት ላይ ይጣበቃል ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ቀዩ ለመቆፈር ይሻላል ግን ብዙ ጊዜ ተጠርጎ ተጠርጎ ምግቡ ያለቀ ነው። ኮንዶሚኒየም አካባቢ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አለ፣ ከግንባታ የተረፈ ጠጠር፣ አሸዋና የሲሚንቶ ቅሪት። የናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር ሙሉና ቀሪውን ውሃ ጨምሩበት፣ ደህና አድርጋችሁ በጥብጡት፣ ከዛ አንድ ቀን ሙሉ አትንኩት። አሸዋው ወዲያው ታች ይቀመጣል፣ ከላዩ ደቃቁ፣ ሸክላው መጨረሻ ላይ። ይሄ ትናንት የሞላሁት ነው፣ በእጅ በእጅ ተቀባበሉት፣ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሸክላው ንብርብር ከግማሽ በላይ ከሆነ ዋልካ ነው ያላችሁ፣ ኮምፖስትና ፍግ እየጨመራችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩበት፣ ክረምት ላይ ውሃው እንዲወርድለት። እርጥብ ሆኖ ሲጣበቅ ግን አትቆፍሩት አትርገጡት፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። መደቡን ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ብቻ አስፉት፣ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሃሉ ጋ እንዲደርስ፣ እላዩ ላይ መቆም አይኖርም።

አፈሩ የግንባታ ፍርስራሽ ከሆነ ወይም ያላችሁ በረንዳ ብቻ ከሆነ በዕቃ ውስጥ ትተክላላችሁ። የቀለም ባልዲ፣ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሁሉም ይሆናል፣ ዋናው ታቹ መበሳቱ ነው፣ ትንሽ ጣት ሚያክል አምስት ስድስት ቀዳዳ። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ቢታጠብም ቢቀቀልም አይሆንም፣ ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙት። ጥልቀቱ እንደ ተክሉ ነው፣ ሰላጣና ቆስጣ 20 ሴንቲሜትር ይበቃቸዋል፣ ካሮት 30 ይፈልጋል፣ ቲማቲም ለአንዱ ግንድ 20 ሊትር። መሙያው ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ያረጀ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። አደራ ምላችሁ ክብደቱን ነው። 20 ሊትር እርጥብ አፈር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ አሥር ባልዲ ስትደረድሩ ሦስት ኩንታል ሊሆን ነው፣ ሦስት ኩንታል ደግሞ በረንዳው ጫፍ ላይ አይቀመጥም። ወደ ግድግዳው አስጠጉት፣ የበረንዳው መደገፊያ ብረት ላይ አታንጠልጥሉ፣ ስር የሰው ልጅ ይሄዳል።

ኮምፖስቱን ግን አትግዙ፣ ሥሩት። ክዳን ያላቸው ሁለት የቀለም ባልዲዎች ይበቋችኋል፣ አንዱ ሲሞላ ይቀመጥና ሌላው ይጀመራል። ታቹንና ጎኑን ብሱት፣ ሥር ደግሞ ሚንጠባጠበውን ሚይዝ ሳህን አድርጉ። መጀመሪያ ደረቅ ነገር፣ የደረቀ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ሰጋቱራ። ከዛ የወጥ ቤቱን፣ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ፣ ተፈጭቶ ከሆነ የእንቁላል ቅርፊት። እርጥብ በጨመራችሁ ቁጥር በላዩ እጥፍ ሚሆን ደረቅ አልብሱት፣ ሚስጥሩ ይሄው ነው። ሰው ሁሉ "ይሸታል" ሚለው ደረቁን ስለማይጨምር ነው፣ እርጥቡ ብቻውን ሲከማች አየር ያጣና ይገማል፣ ዝንብም ይጠራል። ወጥ፣ ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት አይገባም። በሳምንት አንዴ በእንጨት አገላብጡት፣ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። ከሦስት አራት ወር በኋላ ጥቁር ይሆናል፣ ዝናብ የመታው መሬት ነው ሚሸተው፣ ልጣጩ የቱ ጋ እንደነበር አይታወቅም። ያኔ ደርሷል።

ፍግ ማግኘት ከቻላችሁ የከብቱ ይመረጣል፣ የዶሮው ኃይለኛ ነው፣ ትኩሱን ከተጠቀማችሁ ችግኙን ያቃጥላል። ሁለቱም ቢሆኑ ጥቂት ወራት ተቀምጠው ያርጁ፣ በተለይ ጥሬ ለሚበላ ሰላጣ፣ ትኩስ እበት ላይ የበቀለ ሰላጣ በሽታ ይዞ ገበታ ላይ ይመጣል። አመድ ከእንጨት ከሆነ ፖታሲየም አለው፣ ኮምጣጣ የሆነውን ቀይ አፈር ያለዝባል፣ ግን ሲሚንቶ ያለበት አፈር ላይ አትነስንሱ፣ እሱ ቀድሞውኑ ኖራ ያለበት ነው። ዩሪያ? ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ለሄክታር እንጂ ለባልዲ አልተሠራም፣ አንድ ማንኪያ በባልዲ ውስጥ ተክል ይገድላል። ለናንተ አያስፈልግም።

ዘር ላይ በአጭሩ ልሂድ ብዬ ነበር ግን አንድ ሁለት ነገር ሳልል አላልፍም። ፓኬት ስትገዙ ፎቶውን ሳይሆን ጀርባውን እዩ፣ የታሸገበትን ዓመት። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በኋላ ጉልበቱ ይወድቃል፣ ካሮት ትንሽ ይሻላል፣ ጎመንና ቲማቲም ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጡ ሦስት አራት ዓመት ይሄዳሉ። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ፓኬት አትግዙ። የተጠራጠራችሁትን ዘር ደግሞ ሞክሩት፣ አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አድርጉና ሞቅ ያለ ቦታ አንድ ሳምንት አስቀምጡት። ስምንት ከበቀለ ጥሩ ዘር ነው፣ አምስት ከሆነ አብዝታችሁ ዝሩ፣ ሁለት ሦስት ከሆነ ጣሉት፣ ወር ሙሉ ባዶ መደብ ከማጠጣት ያድናችኋል። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ሚባሉ ቲማቲሞች አሉ፣ ማረቆ ፋና ሚባል በርበሬ አለ፣ ጥሩ ዝርያዎች ናቸው፣ ግን መልካሳ ሞቃት ነው፣ እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቲማቲም እዚህ ክረምት ላይ ብርዱና እርጥበቱ ሲገናኙበት ቅጠሉ ጠቁሮ ባንድ ሳምንት ያልቃል፣ ስለዚህ ወይ ዝናብ ማይነካው በረንዳ ላይ ይሁን ወይ ክረምቱ ሲወጣ ይተከል። ለጀማሪ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ናቸው ልብ ሚያሞቁት። የሐበሻ ጎመን ደግሞ አንዱን ግንድ ሳትቀጥፉ ብትተዉት አብቦ ዘሩን ይሰጣችኋል፣ ለዓመቱ አትገዙም። ሃይብሪድ ተብሎ የተሸጠላችሁን ግን ዘሩን አታስቀሩ፣ ልጁ እናቱን አይመስልም።

እሺ፣ አሁን ብረቱ። መሬት ላይ ምትተክሉ ከሆነ አንድ ዶማ፣ አንድ መኮትኮቻ፣ አንድ ትንሽ የእጅ አካፋ። በባልዲ ብቻ ከሆነ የእጅ አካፋዋ ትበቃለች፣ ዶማ አትግዙ። እነዚ ሁለት መኮትኮቻዎች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ አይደል? ይቺኛዋ ከላሜራ የተቆረጠች ናት፣ ቀለም ተቀብታ ታብረቀርቃለች፣ በአውራ ጣቴ ስጫናት ትለምጣለች፣ አንገቷ ላይ ያለው ብየዳ በአንድ ወገን ብቻ ነው። ዋልካ ውስጥ ድንጋይ ሲያገኛት ትጠመዘዛለች። ይቺኛዋ የተሠራችው ከመኪና ባሌስትራ ነው፣ ቀለም የላትም፣ የመዶሻው ምት እስካሁን ላይዋ ላይ ይታያል፣ አናቷ ላይ እጀታው የሚገባበት ቀለበት ከራሱ ከብረቱ ታጥፎ የወጣ ነው። በጥፍር ስትመቷት ድምጿ ይጠራል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ባሌስትራ ሚቀጠቅጡ ሰዎች ታገኛላችሁ፣ ሳትቸኩሉ እያነሳችሁ እየመዘናችሁ ምረጡ። አንዷ ባሌስትራ ለልጅ ትተላለፋለች፣ ሦስት ላሜራ ከመግዛት እሷን አንዴ ግዙ። መቆፈሪያም ካልገዛን ምትሉ ደግሞ ባለ ሁለት ጣቱን ብትፈልጉ ይሻላችኋል። ኮንሶና ጉራጌ ገበሬው እንዲህ ባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያ ነው መሬቱን ሚገለብጠው፣ ኮንሶዎች ደግሞ ስለ አፈር ማንም አይነግራቸውም፣ እርከናቸው በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበላቸው ሰዎች ናቸው። ጣቱ ድንጋይ ሲያገኝ በጎኑ ያልፋል፣ አፈሩን ይፈረካክሰዋል እንጂ እንደ ጠፍጣፋ ብረት እየቆረጠ አያለስነውም።

እጀታው ወይራ ከሆነ እሰየው፣ ባህር ዛፍ ከሆነ በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት የገባበት መኮትኮቻ በጋ ላይ ሲደርቅ ይሟሽሽና ብረቱ ይወዛወዛል፣ ሲሠሩ ወልቆ የሰው እግር ይመታል። ከተወዛወዘ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ማሳደር ለጊዜው ያጠብቀዋል፣ ዘላቂው ግን እጀታው ራስ ላይ ሽብልቅ መምታት ነው። ከብረቱ እኩል ሊኖራችሁ ሚገባው ሞረድ ነው፣ ይሄን ማንም አይገዛም፣ እኔ ግን ከመርጫና ከጓንት በፊት ነው ማስቀድመው። ያልተሳለ መኮትኮቻ አረሙን አይቆርጥም፣ ይጎትታል፣ ወገብ ሚያሳምመው እሱ ነው። ብረቱን በእግራችሁ መሃል ያዙ፣ ሞረዱን ከራሳችሁ ወደ ውጭ ብቻ ግፉ፣ ጥርሱ ሚበላው ሲገፋ ነው፣ እየጎተታችሁ ስትፈትጉት ሞረዱን ነው ምታበላሹት። አንድ ወገን ብቻ ይሳላል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ይቅር። ሲጨርሱ ጭቃውን ጠርጋችሁ ማድረቅና ትንሽ የምግብ ዘይት በጨርቅ ማስነካት፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትቀቡ ሚበላ ነገር ያለበት መሬት ውስጥ ነው ሚገባው።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ሲባጎና ሁለት ችካል፣ መስመር ቀጥ እንዲል፣ ምክንያቱም በመስመር የተዘራ ካሮት ሲበቅል ከአረሙ ትለዩታላችሁ፣ ካሮት ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል አረሙ ግን ይቀድመዋል። ለካሮት አንድ አሮጌ ጆንያም ያዙ፣ ከዘራችሁ በኋላ አልብሱትና በላዩ አጠጡ፣ ብቅ ሲል ወዲያው አንሱት። ህዳርና ታህሳስ ላይ ውርጭ ሚፈራበት ሌሊት ያው ጆንያ ችግኝ ያለብሳል። ለመቅጠፊያ ስለታም ቢላ። ለችግኝ ማፍያ የእንቁላል ካርቶን። ቦቲ ላላችሁ ክረምት ላይ አድርጉት፣ ጓንትም ጥሩ ነው፣ በተለይ የግንባታ አፈር ምትቆፍሩ፣ ሚስማርና ጠርሙስ ስባሪ አለበት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ካልወሰዳችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ውሰዱ። በጀርባ ሚታዘል የመድኃኒት ፓምፕ፣ የእጅ ጋሪ፣ የአፈር መለኪያ መሣሪያ ምናምን ግን ለአራት ካሬ ሜትር አያስፈልግም። ጋሪ ቢያስፈልግ ለብሎኩ አንድ በጋራ ይገዛ፣ ዶማም እንደዛው፣ በዓመት ሁለቴ ነው ምትነካው።

(ከመሃል አንዲት ልጅ፦ "ጎመኔ ላይ ግራጫ ነገር ይርመሰመሳል፣ ምን ልርጭበት?") ክሽክሽ ነው እህቴ፣ ቅጠሉን ገልብጠሽ ስታዪው ከሥሩ ነው ሚከማቸው። መጀመሪያ በጣም የያዘውን ቅጠል ቀጥፈሽ አውጪው፣ የቀረውን በውሃ አጥቢው። ከዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ በትንሿ የእጅ መርጫ እርጪው፣ ሳሙናው ሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ ጀርባ መድረሱ ነው ቁም ነገሩ። ማታ ማታ ይሁን፣ በፀሐይ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሪው። በየአራት አምስት ቀኑ ደጋግሚው፣ ስትበዪው በደንብ አጥቢው። የሱቁን ኃይለኛ መድኃኒት ተዪው፣ ገበያ ላይ ሚሸጠው አትክልት ምን ተረጭቶበት በምን ውሃ እንዳደገ ስለማናውቅ አይደል ቤታችን መትከል የጀመርነው፣ የአቃቂ ወንዝ ምን ተሸክሞ እንደሚወርድና በዳርቻው ምን እንደሚለማበት ሁላችንም እናውቃለን።

(አንድ አባት፦ "እኔ ያለኝ አንድ የቀለም ባልዲ ነው፣ ፀሐይም ግማሽ ቀን ነው ሚገባኝ፣ በዚህ ክረምት ምን ላድርግበት?") ጋሼ፣ ነጭ ሽንኩርት ይትከሉ። የደጋ ገበሬው ሚተክለውም ሰኔ ዝናቡ ሲገባ ነው። ከገበያ ትልልቅ ፍሬ ያለውን ይምረጡ፣ ከነልጣጩ ፍሬ ፍሬውን ይለያዩት፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርገው አምስት ሴንቲሜትር ያህል ይቅበሩት፣ በመሃላቸው አንድ እጅ ስፋት ይተዉ፣ አንድ ባልዲ ስድስት ሰባት ፍሬ ይይዝልዎታል። ባልዲው በደንብ ይበሳ፣ ነጭ ሽንኩርት ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል፣ ዝናቡ ከበረታ ወደ ግድግዳው ያስጠጉት። አረንጓዴ ቅጠሉንም ከእያንዳንዱ አንድ ሁለት እየቀነሱ ወጥ ላይ ይጨምሩ፣ ብዙ ግን አይቁረጡበት ራሱ እንዳይኮስስ። ጥቅምት ህዳር ላይ ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ቢጫ ሲሆን ውሃውን ያቁሙለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በእጅ አካፋ ዙሪያውን ፈልፍለው ያውጡትና ከነቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይስቀሉት።